አራተኛው ድማሚት

ደሳለው በቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ተምሮ፣ ለድቁና ሳይበቃ ድንጋይ ፈላጭ የሆነ ሰው ነበር። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት የገበሬ ማኅበሩ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ጥቁሩ አፈር አልቆ ዐለት ወጣ፤ ደሳለውም ድማሚት ማፈንዳት ተማረ። ያስተማረው ባለሙያ አጥብቆ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነው። ከተቀበሩት አንዱ እንኳ ሳይፈነዳ ከቀረ፣ የሚለኮስበት ክር ውስጥ ለውስጥ ሊጤስ ስለሚችል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም እንዳይጠጋ።

ደሳለው ሰዓት አልነበረውም። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት በራሱ ሰዓት ለክቶ፣ አርባ መዝሙር ረጋ ተብሎ ሲደገም አንድ ሰዓት እንደሚሞላ አረጋገጠለት።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ አራት ድማሚት ቀበረ፤ ሦስቱ ብቻ ጮኹ። እየወረደ የዐለቱን ስብርባሪ የሚያወጣው የደሳለው እህት የይርገዱ ባል ማረው፣ የሚወርድበትን ገመድ ወገቡ ላይ እንዳሰረ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጠ። ደሳለው መድገም ጀመረ።

አሥር መዝሙር ሳይጨርስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያልነህ መጣ።

«ከብቱ በጥም እያለቀ አንተ ማኅሌት ቆመሃል?»

ደሳለው መድገሙን ቀጠለ፤ ከመለሰ ቁጥሩ ይጠፋበታል።

«ይተዉት ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ማረው በደሳለው እየሳቀ። «የኔታ ዳዊቱ ጠፍቷቸው ነው። ዕድሜ መጣ።»

ሊያይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሳለውን ነደደው። በተማሪነቱ ዳዊት በማንበልበል የሚቀድመው አልነበረም። ምላሱን ለቀቀው። መዝሙሩ እንደ ርብ ወንዝ ሙላት ወረደ፤ አያልነህ እንኳ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። አርባው ሲያልቅ አንድ ቃል አልተገደፈም። የሾላው ጥላ ግን ብዙ ፈቀቅ አላለም፤ ይህን ደሳለው አላየም።

«በል ውረድ» አለ ኮራ ብሎ።

ማረው አንድ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ምድር ተናጠች።

ድንጋይ ከሰማይ ወርዶ ሲያበቃ ደሳለው ከቆመበት አልተነቃነቀም። የማረው ገመድ ሌላው ጫፍ እጁ ላይ ነበር፤ መሳቡ ትዝ አላለውም። አቧራው ሲገፈፍ ማረውን ከጉድጓዱ አፍ ራቅ ብሎ በጀርባው ወድቆ አየው። ከጆሮው ደም ይወርዳል፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ዞሯል።

«ጨርሰህ ነበር?» አለ ማረው ጮክ ብሎ።

«ጨርሼ ነበር።»

ማረው አልሰማም። ደግሞ ጠየቀው። ደሳለው ያንኑ ቃል ሁለተኛ ሊያወጣው አልቻለም።

ማረው ወረታ ጤና ጣቢያ ከርሞ እያነከሰ ተመለሰ፤ ጆሮው ግን እንደተደፈነ ቀረ። ደሳለው ከዚያ በኋላ ብዙ ጉድጓድ ቆፈረ። የከሸፈ ድማሚት ባጋጠመው ቁጥር ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ ይሰዳል፤ በማግስቱም አስቀድሞ የሚወርደው እሱ ራሱ ነው።