በቡሬ እስር ቤት የበቀለ ፌጦ

ዛሬ ሽማግሎቹ ፈረዱልን! ከጣሊያን ጋራዥ በታች ያለው ማሳችን እንዳይታረስ፣ በምትኩም ከግጦሹ ዳር ቁራሽ መሬት እንዲሰጠን ተስማሙ። አባቴ ከሸንጎው ሲመለሱ፣ "በይ አንች፣ መጻፍ ችያለሁ ትያለሽ፤ እስቲ ነገሩን ጻፊው" አሉኝ። ይኸው ጻፍሁት።

ጣሊያን ገና ቡሬ ሳለ፣ ከማሳችን ራስጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳሱን ያቀልጥ ነበር። ካቻምና ክረምት ጎርፉ እጣቢውን አወረደብን፤ ገብሳችን ቢጫ ሆኖ ቀረ። አምና በሰኔ ለዘር የተረፈን አንድ ቁና ጤፍ ብቻ ነበር። አባቴ "እዚያው ልዝራው ወይስ ልተው?" እያሉ ቢጨነቁ፣ ከጋራዡ በላይ ካለው ከላይኛው ማሳችንና እጣቢው ከወረደበት ከታችኛው አፈር ለየብቻ ቋጥሬ፣ አፈር ያውቃል ለሚባለው አጎቴ ላሳይ ወደ ጅጋ ተነሣሁ። ኬላው ላይ ባንዳ ያዘኝ።

"ባሩድ ነው?"

"አፈር ነው።"

"አፈርን ማን ቋጥሮ ይዞራል? የአርበኛ ምልክት ነው!"

ጣቱን አስገብቶ ፈተሸ። ምንም ቢያጣበት አፈሩን ወረወረልኝ፤ እኔን ግን ነድቶ እስር ቤት አስገባኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የበቅሎ ሽንት ይሸታል። ለአርበኛ ስንቅ አቀብለዋል የተባሉ አንዲት እሜቴ ብቻ ነበሩበት። ነገሬን ሰምተው ሳቁ።

"አፈር በዓይን አይመረመርም ልጄ፤ ይዘሩበታል እንጂ።"

ለሆድ ቁርጠት ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፌጦ ፈቱልኝ። በሁለቱም አፈር ላይ ዘርተን፣ በቀን ከሚሰጠን አንድ ጣሳ ውሃ እኩሌታውን አጠጣነው። በአራተኛው ቀን የላይኛው ማሳ አፈር አረንጓዴ ለበሰ። ከታችኛው ብቅ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ነቅዬ ባይ ሥራቸው አጥሮ ጠቁሯል።

ባንዳው አጎንብሶ አየ። "ይኼኛው አፈር የየት ነው?"

"ባትሪ ከምትሰብሩበት ሥር።"

"የኛ ጎመን እኮ እዚያው ነው!" ብሎ ሆዱን ያዘ።

በማግስቱ ከጎመኑ ሥር አፈር ዘግኖ መጣ። "አንች፣ ይኼንንም ዝሪው።"

"እሳቸውን ጠይቅ፤ ፌጦው የኔ አይደለም" አልሁት።

ወደ እሳቸው ዞሮ ቆቡን አወለቀ። "እሜቴ፣ እባክዎ።"

የዘር ጊዜ ሳያልፍ ባንዳው ለቀቀኝና አባቴ ጤፉን ላይኛው ማሳ ላይ ዘሩት፤ አማረም። ሽማግሎቹ ግን የልጅ ወሬ ነው ብለው ነበር፤ ሰሞኑን በፊታቸው ዘርቼ አሳየኋቸው። መርዙ ምን እንደሆነ ፌጦ አይነግረኝም። ብቻ አፈርም ሰውም እንደሚጠየቅ ያወቅሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

እናንተም ከጦር ሰፈር በታች የምታርሱ፣ ለቡሬ ገበያ ስትወጡ ከደህናውም ከሚያጠራጥራችሁም መሬት እፍኝ እፍኝ አፈር ይዛችሁ ቤታችን ጎራ በሉ። ፌጦው ከኔ።