አራጅ የጠበቀ ገና

በእኛ ቤት ገና የሚገባው እኔ ዶሮ ሳርድ ነበር። ደወል ቢደወል፣ ከበሮ ቢመታ፣ ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ቢያድሩ፣ ዶሮው ግቢያችን ውስጥ እግሩን ታስሮ እስካለ ድረስ ለእናቴ ገና አልገባም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አባቴ ሞቷል። ሴት አታርድም። ጎረቤቶቻችን በሙሉ እስላሞች ናቸው፤ ሱማሌ፣ ኦሮሞ፣ አደሬ። ማንኛቸውም ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ዶሮ ያርዳሉ፤ ግን እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ስለዚህ አባቴ ሲሞት የቤቱ ቢላዋ ለእኔ ደረሰ።

መጀመሪያ ባረድኩበት ዓመት ጢም እንኳ አላበቀልኩም። ዶሮውን አንገቱ በቅጡ ሳይቆረጥ ለቀቅኩት። ደሙን እየረጨ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከና ከጎናችን ያለችው ወተት ሻጭ፣ እኛ አዴ የምንላት ሴት፣ ደጃፍ ላይ ሄዶ ወደቀ።

«ወሪያ!» ብላ ጮኸች። «ገናችሁ እኔ ቤት ገባ! ኑ ውሰዱልኝ፣ ደጄን አረከሳችሁት!»

«አንቺስ በረመዳን ሳምቡሳ ስትጠብሺ፣ ጾም ላይ ሆኜ አፍንጫዬን ይዤ የምውለው እኔ አይደለሁ?» አለቻት እናቴ ከዚህ ማዶ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ዶሮውን በእግሩ አንጠልጥዬ ስመለስ እናቴ በእጄ ያለውን ደም አየችና «በል፣ አሁን ገባ» አለች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይህን ሳትል ድስት ጥዳ አታውቅም።

እናቴ ቀፊራ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ብናኙን ስትስብ ኖራ ደረቷ አለቀ። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። እኔ በርበሬ ነው እላለሁ። ሁለታችንም ያልነው ነገር አላዳናትም።

ሕመሟ በጠናበት ዓመት እኔ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው መስመር፣ በረሃ ውስጥ፣ ሐዲድ ጠጋኝ ነበርኩ። ካምፓችን ድንኳንና ጠጠር ነው። ከጓዶቼ መሐል ያን ጊዜ ክርስቲያን እኔ ብቻ ነበርኩ። በኅዳር መጨረሻ ታናሽ እህቴ በአንድ የባቡር ሠራተኛ አፍ ላከችብኝ። ደብዳቤ አልላከችም፤ እሷ መጻፍ አትችል፣ እኔ ማንበብ አልችል። «እማዬ ተነሥታ መቀመጥ አቅቷታል» አለኝ ሰውዬው የነገረችውን እያስታወሰ። «ለገና እንዳትቀር። ለሚቀጥለው ዓመት አትበል።»

ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ጸሐፊያችን ሄድኩ። የሐረር ሰው ነው፣ አደሬ፣ ቆቡን ከራሱ የማያወርድ ጨዋ ሰው። ከጀርባው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።

«ስንት ቀን?» አለኝ።

«ሦስት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ገና ሃያ ዘጠኝ ነው። ሃያ ስምንት ማታ በዕቃ ባቡር ልሳፈር።»

«የእናንተን በዓል እኔ እንጃ። አንዳንዴ ከቀኑ ፈቀቅ ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይኸው ተሰቅሏል፣ እየውና ቁርጡን ንገረኝ።»

ማንበብ እንደማልችል ከዚያ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ደብቄዋለሁ። ስሜን ብቻ እንደ ሥዕል መሳል ተምሬ፣ በፊርማ አታልለው ነበር። ያን ቀን «አልችልም፣ አንተ አንብብልኝ» ማለት ሦስት ቃል ነው። አላልኩም። ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ጣቴን ከላይ ወደ ታች አወረድኩና አንድ ቦታ ላይ አቆምኩት። ከንፈሬን እንኳ አንቀሳቅሻለሁ።

«ሃያ ዘጠኝ» አልኩ።

«አየኸው?»

«አየሁት እንጂ! ዕውር መሰልኩህ?»

«አቦ፣ አትቆጣ» አለና ጻፈልኝ።

በዚያ ዓመት ገና ሃያ ስምንት ነበር። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች የሚመጣው ገና አንድ ቀን ቀድሞ ይውላል፤ በአራት ዓመት አንዴ ነው፣ የቄስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ለእኔ ቀኑን የምትነግረኝ እናቴ ነበረች።

ሃያ ዘጠኝ ጠዋት ድሬዳዋ ጣቢያ ወረድኩ። የማውቀው አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ሲያጠጣ አገኘሁትና «እንኳን አደረሰህ» አልኩት።

«አንተን ደግሞ ለከርሞው ያድርስህ! ትናንት ምን ውጦህ ነበር? ዶሮው አልቋል፣ የቀረልህ አጥንት ነው።»

ቀልድ መሰለኝ። «ወሬኛ» ብዬው አለፍኩ። ቀፊራ ስደርስ ግን ገበያው ደርቷል። የእናቴ ጓደኞች፣ ክርስቲያኖቹ በርበሬ ሻጮች፣ እንደ ወትሮው ከረጢታቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። በገና ቀን ከእነሱ አንዷም ገበያ አትወጣም። ጋሪ ነጂው አልቀለደም። ደቻቱን፣ ደረቁን ወንዝ፣ በአሸዋው ላይ እየሮጥኩ ተሻገርኩ።

አዴ በሯ ላይ ቆማ ነበር። የወትሮው ቀልዷ የለም።

«እናትህ ትናንት ሙሉ ቀን 'ባቡሩ ጮኸ ወይ?' እያለች ሰው ስትልክብኝ ዋለች» አለችኝ። «ወላሂ፣ ልጄን ልኬ ላሳርድላት ሁሉ አስቤ ነበር። አትበሉም እንጂ።»

ዶሮው ግቢው ውስጥ እንደታሰረ ነው። እህቴ ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለ ዲያቆን ጠርታ ልታሳርድ ብትል እናቴ እንቢ ብላለች። «ቢላዋው የእሱ ነው፤ ተሳፍሯል፣ ይደርሳል» እያለች አርባ አራቱን ቀን የጾመችውን ጾም ሳትገድፍ ቀኑ መሸ። ከውኃ በቀር በአፏ ምንም አልዞረም።

«ለምን ቀረህ?» አለችኝ እህቴ።

«ጸሐፊው ፈቃድ ከለከለኝ» አልኳት። አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወጣ።

«እጁን ይቁረጠው!» አለች።

ገባሁ። እናቴ መደቡ ላይ ተጋድማለች። ያችን የምታክል ሴት የሕፃን ያህል ሆናለች።

«መጣህ?»

«መጣሁ እማዬ።»

«ዛሬ ነው አይደል?»

እህቴን አየኋት። እህቴ «አዎ እማዬ፣ ዛሬ ነው» አለች። የሃያ ስምንት አጥቢያውን ከበሮ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ሰምታዋለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም። ማን ማንን እንዳታለለ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?» አለችኝ። «ውጣና እረድ።»

በስመ አብ ብዬ አረድኩ። ዶሮው ከእጄ አላመለጠም። ደሙን ላሳያት ስገባ ዓይኗን ጨፍና ነበር። «አሁን ገባ» እስክትለኝ ቆሜ ጠበቅኩ። አላለችም። ሽንኩርቱ ከሁለት ቀን በፊት ቁሌት ሆኖ ተቀምጧል፤ እህቴ እሱን አሙቃ፣ ቸኩላ ሠራች። ለምሳ ሰዓት ግድም ደረሰ። እንጀራውን በመረቁ አርሼ፣ ለጥርስ የሚሆን ነገር ሳልጨምር፣ ትንሽ ጉርሻ አድርጌ አጎረስኳት። አፏን ዘግታ ያዘችው። ጉሮሮዋን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከቆይታ በኋላ በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ ወጣ፣ እህቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

«ጣፍጧል» አለች እናቴ።

ሌላ አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ «የታደለች! ጾሟን እንደያዘች ሄደች» ሲሉ እሰማቸው ነበር። ለእነሱ ጽድቅ ነው። እህቴ የጸሐፊውን ነገር ለመጣው ሁሉ ተናገረች፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ ቀን አይቶት የማያውቀውን ሰው ረገመው። ወደ ካምፕ ስመለስ ያ ሰው ድንኳኔ ድረስ መጥቶ መሬት ላይ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። መዳፉን ዘርግቶ ጸለየልኝና «አላህ ያጽናህ። እንኳን በበዓሉ ቀን አብረሃት ዋልክ» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ሠላሳን አልፌ፣ በማታ ትምህርት፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ጋር አግዳሚ ላይ ተጣብቄ። መምህሩ የእውቀት ጥማት መስሎት ያመሰግነኝ ነበር። ጥማት አልነበረም። እልህ ነበር፣ እሱም ከረፈደ የመጣ። ማንበብ እንደቻልኩ አንድ የመንገድ ላይ ሻጭ ዘንድ የአሮጌ ዓመት መቁጠሪያ አገኘሁ፤ ያው ዓመት ነው። ታኅሣሥን ገለጥኩ። ገና በቀይ ቀለም ተጽፏል፣ ለብቻው፣ ከሌላው ሁሉ ወፍሮ። ያን ቀን ጣቴ ያረፈበት ቦታ የት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ምናልባትም በላዩ ላይ ነበር።

ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ገና በመጣ ቁጥር ባሏ ዶሮ ሲያርድ እሷ ያንን ጸሐፊ ትረግማለች። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሁሉን እንዳለ እዚህ ጽፌዋለሁ። እህቴ ማንበብ አትችልም፤ የጻፍኩትም ይህን አውቄ ነው።