የባላባት የተባለው በርኖስ

በርኖሱን ፀሐይ ማስመታት የእስከዳር የዓመት ሥራ ነበር። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ቆም ሲል ሣጥኗን ከጓዳ ጎትታ ታወጣለች፤ በመሐል የነሰነሰችውን የአሪቲ ደረቅ ቅጠል ታራግፋለች፤ በርኖሱን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ጓሮ ትወስደዋለች። ከባድ ነው። ከጥቁር በግ ጠጉር ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ በሞቀ ውኃ በእግር ተረግጦ የተሠራ በርኖስ እንደ ነጠላ ጣል አይደረግም፤ እንደ ሰው ይታቀፋል። በድንጋዩ ካብ ላይ ትዘረጋውና ከአጠገቡ ትቀመጣለች። ጓሮውን የመረጠችው ከመንገድ ስለማይታይ ነው። ብል እንዳይበላው ስትል አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ላይ ታውለዋለች፤ ከዚያም አዲስ አሪቲ ነስንሳ መልሳ ታጥፈዋለች። ይህን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠራች። በየዓመቱ ሣጥኑ ትንሽ ትንሽ እየከበዳት፣ ወገቧም ከጎነበሰች በኋላ ለመቅናት ትንሽ ትንሽ እየዘገየባት ሄደ።

በርኖሱ የባሏ የገሠሠ ነው። ጠጉሩን የፈተለችው እሷ ናት፤ ገና አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ። በመንዝ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። በጎቻቸው ጥቂት ስለነበሩ የሦስት ዓመት ሽልት አጠራቅማ፣ በደጋን አስነድፋ፣ በእንዝርት ስትፈትል ከርማ ነው ትዕዛዙ ለሚባል ሸማኔ የሰጠችው። ገሠሠ ያንን በርኖስ ለብሶ ገበያ ወጣ፣ ለቅሶ ደረሰ፣ የገብስ ማሳ ጠበቀ፣ ከጓሳ ተራራ ሣር አጭዶ ተሸክሞ ተመለሰ። ሸክሙ ቀኝ ትከሻውን እየፈገፈገ ሲያሳሳው እስከዳር ከውስጥ በኩል ጨርቅ ደርባ ጣፈችው። ስፌቷ ጠማማ ነበር፤ የዚያን ዕለት አውራ ጣቷ ቆስሎ ነበርና።

ገሠሠ በ1988 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ውስጥ በሳምባ ምች ሞተ። በአገሩ ደንብ ሟች ከለበሰው ሁሉ የሚሻለው ልብስ ለነፍስ አባቱ ይሰጣል፤ የነፍስ አባትም ፍትሐት ይፈታሉ፣ እስከ አርባው በጸሎት ያስቡታል። ማንም አዝዞ የሚያስፈጽመው አይደለም፤ ግን የማይፈጽም ቤት የለም። የነፍስ አባታቸው ቄስ መርስዔ ኃዘን ከቀብር በኋላ መጥተው ሲቀመጡ እስከዳር የገሠሠን ጋቢ አጥፋ አቀረበችላቸው። ስለ በርኖሱ ማንም ሳይጠይቃት፣ በክፉው ቀን፣ ሕመሙ ሲጠናበት፣ ተሸጧል አለች። ለምን እንደዚያ እንዳለች ራሷም አታውቀውም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በርኖሱ በጓዳ፣ ከገብሱ ጎታ ኋላ ነበር፤ አንገትጌው ገና የሰውየውን ላብ ይሸታል። ቄሱ ጋቢውን ተቀብለው መርቀዋት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ለንስሐ በቀረበች ቁጥር ያመለጣትን ጾምም፣ ጎረቤት ያማችበትንም፣ በበግ ላይ ያወረደችውን እርግማን እንኳ ተናግራለች። የበርኖሱን ነገር ግን አልተናገረችም።

የሁለት ሺህ ዓመቱ በዓል በሚከበርበት መስከረም ይታየው የሚባል ወጣት የወረዳ ባለሙያ መጣ። በገበያቸው ከተማ በቀየት አንድ ክፍል ተጠርጎ፣ ቀለም ተቀብቶ የአካባቢው የድሮ ዕቃ ሊታይበት ነበርና ልጁ ከቤት ቤት እየዞረ ቅል፣ ጋሻ፣ አገልግል፣ የብራና መጽሐፍ ይለምናል። ደጅ ሲጣራ እስከዳር አልሰማችውም። ውሻው ዝም ስላለ ዞሮ በጓሮ መጣና በርኖሱን ካቡ ላይ ተዘርግቶ አገኘው።

ልጁ ዐይኑ በራ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ በሁለት ጣቱ ብቻ ነካው። ከመስተዋት ኋላ እንደሚቀመጥ፣ ቁልፍ እንዳለው፣ ብል የማያስጠጋ መድኃኒት እንደሚደረግለት፣ ማኅተም ያለበት የውሰት ወረቀት እንደሚሰጣት ነገራት። እስከዳር ጠርዙን ገለጥ አድርጋ አየችው። ብሉ ገብቷል፤ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደብቃና ጠብቃ፣ መጨረሻው ይኸው ነው። ድካም ተሰማት። ቄሶች እንደዚያ ያለ ክፍል ምን ሊያደርጉ ይገባሉ ብላ አሰበች። የባሌ ነው፣ ገሠሠ ይባላል፣ ገበሬ ነበር አለችው። ልጁ በደብተሩ ጻፈ፣ በርኖሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ተሸክሞ ሄደ። በዚያ ሳምንት ጓዳው ሰፋባት።

ልታየው የሄደችው ጥር ውስጥ፣ የፈተለችውን ጠጉር ይዛ ገበያ በወጣችበት ቀን ነው። በክፍሉ በር ላይ የጎረቤቷ ልጅ ወሰንየለሽ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ለመታሰቢያ የሚገዙት ነገር ነው የምትሸጠው፤ ከጠጉር የተሠራ ቆብ፣ አውራ ጣት የሚያህል በግ፣ የመዳፍ ስፋት ያላት በርኖስ።

እስከዳር ትንሿን በርኖስ አንሥታ አገላበጠቻት። "ይቺን ማን ይለብሳታል? አይጥ?"

"እትዬ፣ ለመልበስ አይደለም እኮ። አገራቸው ይዘዋት ገብተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሏታል።"

"የብርድ ልብስ ተሰቅሎ ምን ያደርጋል?"

"መንዝ መጥቼ ነበር ያሰኛል" አለች ወሰንየለሽ። "ደግሞ እርስዎ ማን ነዎትና ይስቃሉ? ልጁ ከቤትዎ የወሰደውስ ውስጥ ተሰቅሎ የለም?"

እውነቷን ነው ብላ ፈገግ እያለች ገባች።

በርኖሱ ከክፍሉ መሐል፣ በእንጨት መስቀያ ላይ የበርኖስ ሁሉ ምልክት የሆነው ቀኝ ትከሻው ሾጠጥ ብሎ ቆሟል። ቀድሞ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይታው አታውቅም፤ የገሠሠ ትከሻ ዘንበል ያለ ነበር። ከሥሩ ካርድ አለ። እስከዳር ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና ቃሉን እየቆራረሰች አነበበች። "የመንዝ ባላባት በርኖስ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ። የአካባቢው መኳንንት ለዳኝነት ሲቀመጡ ይለብሱት የነበረ።"

መጀመሪያ የተሰማት ዕረፍት ነው። የገሠሠ ስም የለም፤ እንግዲያ ቄስ መርስዔ ኃዘን እንኳን ቢገቡ፣ ካርዱን ቢያነቡ፣ የሚያውቁት ነገር አይኖርም። ብሉም ቀረ፣ ሣጥኑም ቀረ፣ መደበቁም ቀረ።

ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ገቡ። ሌላውን ዕቃ በዐይናቸው ዳሰው በርኖሱ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ፎቶ አነሡ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ የሳሳውን ትከሻ እያሳየች፣ ይህ የጋሻው ማንገቻ የፈገፈገው ይሆናል ብላ ለጓደኞቿ አስረዳች። እነሱም ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። እስከዳር ከኋላቸው ቆማ ነበር። የጓሳው ሣር ነዶ፣ ገመዱ፣ ገሠሠ ደጃፍ ላይ ሸክሙን ሲጥል የሚያወጣው ትንፋሽ ትዝ አላት። አፏን ልትከፍት ፈልጋ አፈረች። ፈትላ ያመጣችውን ሳትሸጥ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

መንገዱ የሁለት ሰዓት ነው። እየሄደች ሁለቱን ነገር መዘነች። ስሙ ካልተጻፈ፣ ያ በርኖስ በቆየ ቁጥር ገሠሠ ያልኖረ ሰው ይሆናል። ልጅ አልወለዱም፤ የመቃብሩም ድንጋይ ጽሑፍ የለውም። ስሙ ከተጻፈ ደግሞ ተሸጧል ያለችው በርኖስ በአደባባይ ይመሰክርባታል፤ ለባሏ ፍትሐት የፈቱላትን ቄስ እንዳታለለች አገር ያውቃል። ሁለት ሳምንት ይህን ስታነሣና ስትጥል ከረመች፤ እንዝርቷም ክሩን ደጋግማ ትበጥስባት ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ይታየው ቢሮ ሄደች። ልጁ ደነገጠ፤ ወንበሩን ለቀቀላት። እሱ ገሠሠ ብሎ እንደጻፈ፣ በኋላ ግን ከበላይ የመጡ ባለሙያዎች በርኖሱን አይተው ካርዱን እንዳስለወጡት ነገራት። ጥቁሩ ጠጉር እንዲህ ቀላ ብሎ ዳማ የሚሆነው በዕድሜ ብዛት ብቻ ነው ብለው ነበር።

"በፀሐይ ነው" አለች እስከዳር። "በየዓመቱ አሰጣው ነበር። ጥቁር በግም ፀሐይ ላይ ሲውል ጀርባው ዳማ ይሆን የለም? ያስረጀሁት እኔ ነኝ።"

ይታየው ራሱን አከከና ቀስ ብሎ፣ እንግዳው የሚወደው እሱን ነው፣ ለእርስዎም ቢሆን ክብር ነው፣ ባለቤትዎ ባላባት ቢባሉ ምን ይከፋል አላት።

"ገሠሠ ሰው አዞ አያውቅም" አለች። "እኔንም ጭምር።"

የትከሻውን ስፌት ከውስጥ ገልጦ እንዲያይ ነገረችው፤ ጠማማ ነው፣ በቀይ ክር ነው። ልጁ ሄዶ ከፍቶ አየና እንዳለችው አገኘው። እንግዲያ እጽፋለሁ አለ። እሷ ግን ለጥቂት ቀን እንዲያቆየው ለመነችው፤ አስቀድሞ የምትጨርሰው ጉዳይ እንዳላት ብቻ ነገረችው።

ቄስ መርስዔ ኃዘን በዚያ ጊዜ አርጅተው ነበር፤ ቅዳሴው ለወጣት ቄሶች ተትቶ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። እስከዳር መስቀላቸውን ተሳልማ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነገሩን ከመጀመሪያው አልጀመረችም፤ ከብሉ ጀመረች፣ ከዚያ ወደ መስተዋቱ፣ ከዚያ ወደ ካርዱ፣ በመጨረሻ ወደዚያ ቀን ደረሰች። ስትጨርስ ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም። የቄሱ ደረት ሲያፏጭ ይሰማታል።

"ገሠሠን ከሩቅ የማውቀው በበርኖሱ ነበር" አሉ። "ተሸጠ ስትይ አዘንኩ። ለራሴ ብዬ አይደለም።" ሳል ያዛቸው። "አይ፣ መዋሸት ምን ያደርጋል። ለራሴም ብዬ ነው። ያን ክረምት በጣም በርዶኝ ነበር፣ እስከዳር።"

የእስከዳር እንባ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ወረደ። ቄሱ አላባበሏትም። ሰባት ዓርብ፣ በየዓርቡ አርባ አርባ ስግደት እንድትሰግድ ቀኖና ሰጧት።

"አባቴ፣ ጉልበቴ እኮ…"

"እንግዲያ ሃያ ሃያ። ከዚያ ወዲያ አልቀንስም፤ ገበያ አይደለም።"

በርኖሱን አስመልሳ ታመጣላቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ደንቡ የእሳቸው ያደርገዋልና። ቄሱ ቀጭን እጆቻቸውን አይተው፣ አሁንማ ብለብሰው ክብደቱ ይጥለኛል አሉ። "እዚያው ይቁም። የእኔ ከሆነ እኔ ሰጥቻለሁ። ስሙን አስጽፊ።"

ይታየው ካርዱን በእጁ ጻፈው፤ የበላይ ባለሙያዎቹ ቢመጡ የሚላቸውን እሱ ያውቃል። የሸማኔውን ስም ጠየቃት፣ ትዕዛዙ ብላ ሰጠችው። የፈተለውስ ቢላት አፍራ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እሱ ግን ገብቶት በደብተሩ ላይ የሷን ስም አግኝቶ ጨመረው። "በርኖስ። የአቶ ገሠሠ፤ ገበሬ። ከጓሳ ሣር ሲሸከሙ ይለብሱት የነበረ። ፈታይ ወይዘሮ እስከዳር፣ ሸማኔ አቶ ትዕዛዙ።"

አምስተኛው ዓርብ አልፎ በዋለ ገበያ ሄዳ አየችው። ጉልበቷ አብጦ ስለነበር በዱላ ነው የሄደችው። ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ የሷን አንድ ጊዜ ብቻ። እዚያው ቆማ ሳለች እንግዶች ገቡ። አንድ ሰውዬ ካሜራውን አነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ካርዱን አነበበ፣ ካሜራውን መልሶ አንገቱ ላይ ጣለ። ከዚያም ቀጥሎ ወዳለው ጋሻ አለፈ፤ የቀሩትም ተከተሉት። በርኖሱ ዘንድ የቆመ የለም። እስከዳር በዱላዋ ተደግፋ ትንሽ ቆየች፤ ያልቆሙት ማለፊያውን ዘግታባቸው እንደሆነ ብላ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችላቸው።