በገበያ ቀን የሚዘል ድንበር

ሥራ የጀመርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ከሚሴ ውስጥ፣ በመሬት ቀያሽነት ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ጋሽ ተሰማ አንድ ጥቅል ሜትርና ቀይና ነጭ የተቀቡ ሦስት ዘንጎች አስፈርመው አስረከቡኝ። ከዚያ፣ «ምሳ የሚጋብዝህ ባለመሬት ከገጠመህ ድንበሩን ሁለት ጊዜ ለካው» አሉኝ። ሌላ ትምህርት አልሰጡኝም። መጠርጠርን ከሜትሩ ጋር ተረክቤ ወጣሁ ማለት ይቻላል።

ዓመታት አልፈው የቡድን መሪ ስሆን ጂፒኤስ መጣ። አንዱን መቀበያ በታወቀ ነጥብ ላይ እንተክላለን፤ ሌላውን በዘንግ ይዘን ከድንበር ድንበር እንዞራለን። ከሳተላይቶቹ የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ የቆምንበትን ቦታ በጣት ስፋት ልክ ይናገራል። ገበሬው ግን አላመነውም። የሰንበቴ ከተማው ሽማግሌ ሼህ ሙሄ፣ «ሰማይ ላይ ሆኖ የእኔን ማሳ ከጎረቤቴ ማሳ የሚለየው ማነው?» ብለው አፋጠውኛል።

ክርክር ያለበት ድንበር ሽማግሌዎች ካልቆሙበት አይለካም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከየቀበሌው ወርደው ባንድ ላይ የሚገኙት በሰንበቴ የከብት ገበያ ቀን ነው። ስለዚህ ሰላም የሆነውን መሬት በሌላው ቀን፣ የተጣሉበትን በገበያ ቀን እንለካ ነበር። የጠቡ ድንበር ሁሉ የሚደርሰው ለባልደረባዬ ለሰይድ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር በኦሮምኛም በአማርኛም ይግባባል።

አንድ ቀን አዴ ዘሃራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቢሮ መጣች።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ ዘሃራ?» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቅኩ።

«አልሀምዱሊላህ። ልጄ፣ ባሌ የተከለው ድንጋይ ካለበት አልተነቃነቀም። የእናንተ ወረቀት ግን ማሽላዬ መሃል ገብቷል። ይቺ መሬት ከሄደች ሦስት ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?»

መዝገቡን አወጣሁ። የለካው ሰይድ ነው። ድንበሩ አራት ሜትር ወደ እሷ ገብቷል። ሌሎቹን ስፈትሽ ሁለት የተዛቡ ማሳዎች አገኘሁ፤ ሁለቱም የክርክር፣ ሁለቱም የሰይድ። ሰላማዊዎቹ ግን አንድም እንከን የላቸውም። ሰው ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ መርጦ ይሳሳታል? በልቷል አልኩ። በለካበት ዕለት ከአዴ ዘሃራ ጎረቤት ቤት ሲወጣ ያየው ሰው መኖሩን ስሰማ ጭራሽ ቆረጥኩ።

ሰይድ፣ «ወላሂ፣ ሰላም ልበል ብዬ ነው የገባሁት። ውሃ እንኳን አልቀመስኩም» አለኝ። አላመንኩትም። ለኃላፊው ሪፖርት ጻፍኩ፤ ሰይድ ከሥራ ታገደ።

ድጋሚ የሚለካው የአዴ ዘሃራ ማሳ ለእኔ ደረሰ። በገበያ ቀን ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ዘንጉን ከድንጋዩ ጎን አቆምኩ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ ቁጥሩ ግን ይሄዳል። አንዴ ሁለት ሜትር፣ አንዴ አምስት። በመቀበያው መስኮት ላይ የሚታዩት ሳተላይቶችም አንድ በአንድ ይጠፋሉ።

ሼህ ሙሄ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ሁሴን፣ አንተንም አበሉህ እንዴ?» አሉኝ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ያን ዕለት ሰይድ የቆመበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

መቀበያውን ይዤ ወደ ላይኛው ማሳ ሄድኩ፤ ሳተላይቶቹ ተመለሱ። ወደ መንገዱ ስጠጋ ጠፉ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው። መንገዱ ዳር፣ ግራር ጥላ ሥር፣ በግ የሚጭን መኪና ቆሟል። ሾፌሩን ምን ይዘሃል አልኩት። መጀመሪያ ምንም አለ። ሼህ ሙሄ በኦሮምኛ ሲቆጡት በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የተሰካች አውራ ጣት የምታህል ነገር አሳየን።

«ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ሆኖ መኪናው የት እንደቆመ በስልኩ ያያል» አለ። «ይቺን ስሰካት አያየኝም። በየገበያው ትንሽ ለራሴ እጭናለሁ። እናንተን ምን ጎዳችሁ?»

ራሱን ከጌታው ሲደብቅ የእኛንም መቀበያ አሳውሮታል። ነቀላት። ወዲያው ሳተላይቶቹ ተሞሉ፤ ዘንጉን ስመልስም ቁጥሩ ባልየው በተከለው ድንጋይ ላይ ረጋ። አዴ ዘሃራ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ቢሮ ተመልሼ ስናገር ኃላፊው፣ «እንግዲያው ጥፋቱ የሾፌሩ ነው» አለና ፋይሉን ሊዘጋ ነበር። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። ግን መቀበያው ሲታወክ ስንት ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል ራሱ ይናገራል፤ በቅጹም ላይ ይህ የሚሞላበት ሳጥን አለ። ሰይድ ሳጥኑን ባዶ የተወው እኔ ስላዘዝኩት ነው። ሽማግሌዎቹ ገበያው ሳይፈታ እንድረስ ብለው ስለሚያጣድፉን፣ «ሳጥኗን እለፋትና ቶሎ ጨርስ» ብዬው ነበር። በሪፖርቴ ይህን አልጻፍኩም። አፍሬ ለኃላፊው ነገርኩት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

ሰይድ ወደ ሥራው ሲመለስ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ሳጥኗ ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው፣ «አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ» አለኝ። በማግስቱ ወደ ሌላ ቡድን እንዲዛወር አመለከተ፤ ጡረታ እስክወጣ ከእኔ ጋር አልሠራም።

እናንተ አሁን በሥራው ላይ ያላችሁ፣ ቁጥር ሲዘል መጀመሪያ ዙሪያችሁን ዞራችሁ ምልክቱን የሚያውከውን ፈልጉ። የስህተት ግምቱን ሳትጽፉ ነጥብ አትመዝግቡ። በሰው ላይ ሪፖርት ስትጽፉ ደግሞ እናንተ ያዘዛችሁትን አብራችሁ ጻፉ።