ሳይወለድ የተለቀሰለት ልጅ

ልጄ ሞጣ የተዳረችው በእኔ ምርጫ አይደለም። እኔ ቢቸና ነኝ፤ የምንገናኘው በስልክ ነበር። አማቷን ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ። አንቱታዬን ከአክብሮት የሚቆጥር ካለ ይቁጠር።

የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ሲገፋ፣ ሞጣ ላይ አልትራሳውንድ አይተው ወደ ባሕር ዳር ላኳት። የባሕር ዳሩ ሐኪም የሕፃኑ ልብ እንደሚገባው እንዳልተሠራ አየ። ባሏን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ለእሱ ነገረው። ለእሷ "የምንከታተለው ነገር አለ" ብቻ አላት። ባሏ ለእናቱ ነገረ፤ ለሚስቱ ግን አፉ አልተፈታም። እናቱም እርጉዝ ሴት እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አትሰማም ብለው መከሩና እንደ መርዶ ሊያረዷት ወሰኑ።

በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ፣ መንገድም ተዘግቶ፣ ልጄ ድምፄን ከሰማች ሰንብታ ነበር። ማለዳ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አማቷና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ባሏ ከሁሉም ኋላ ነበር። ከኋላ መቆም ያውቅበታል።

"እናቴ ናት አይደል?" አለች። "መቼ ቀበራችኋት?"

"ኧረ እናትሽስ ደህና ናቸው" አሏት ቄሱ ደንግጠው።

"ተመስገን!" አለችና እዚያው ደጃፉ ላይ ዘፍ አለች።

ይሄኔ አማቷ "የሆድሽ ልጅ ነው እንጂ። ልቡ አይሠራም ተብሏል፤ አይቆይልሽም" አሉ። ሴቶቹም ለቅሷቸውን ለቀቁት።

ያቺ "ተመስገን" ከእነሱ ቀድማ ገበያ ደረሰች። የልጇን መታመም ሰምታ ተመስገን ያለች ተባለች ልጄ። ማን እንዳወራው አውቃለሁ። ያወራችውም ማወቄን ታውቃለች፤ ታንብበው።

መንገዱ ሲከፈት ግንደወይን ላይ መኪና ቀይሬ ሞጣ ገባሁ። ልጄ አቀፈችኝ፣ ደረቴን ዳሰሰች። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲንቀሳቀስባት ብድግ ብላ የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥባለች። ለገንፎ የተለቀመው ገብስ በማዳበሪያ ታስሮ ጓዳ ጥግ ተጥሏል። አማቷ "ለማይቆም ልጅ ምን ያስፈጫል?" ብለው ነው። የሐኪሙ ቀጠሮ ደርሶ ነበርና ተነሺ እንሂድ አልኳት።

"ለምን?" አለች። "ተለቅሶለት የለም እንዴ?"

የምፈራው ይሄንኑ ነበር። ሐኪሙ ለባሏ እንደነገረው፣ ልጁ እንደተወለደ ሕክምና ካላገኘ አይተርፍም፤ ሕክምናው ደግሞ ባሕር ዳር ነው። እሷ ግን በልቧ ቀብራዋለች። ሞጣ ቁጭ ብላ ብትወልደው የሚጠይቃት አልነበረም።

ለእኔ ብላ ሄደች። ባሏም መጣ፤ እናቱም ሳይጠሩ መጡ። ሐኪሙ ካያት በኋላ ወላጆችን ወደምታማክር ነርስ መራን። ወሬ መድኃኒት ይሆናል ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም። ነርሷ ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ "ሐኪሙ ምን እንዳላችሁ በራሳችሁ አፍ ንገሩኝ" አለች።

ባልየው መሬት መሬት አየ። ልጄ "እኔ ምንም አላለኝም። የሰማሁት ከለቃሾች ነው" አለች።

ነርሷ ሐኪሙን አስጠራችው። እሱም ከሕፃኑ ልብ የሚወጣው አንዱ የደም ቧንቧ መጥበቡን፣ እንደተወለደ ሕክምና እንደሚጀመርለት፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነገራት። ይድናል ብሎ አልማለላትም።

"አሁን ያመዋል?" አለች ልጄ። ከመርዶው ወዲህ ስለ ልጁ ስትጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"አያመውም። ሆድሽ ውስጥ እስካለ የሚያስፈልገውን የሚያገኘው ካንቺ ነው።"

ባሏ ማልቀስ ጀመረ። "አሁን ነው የሚያለቅሰው?" ብል ነርሷ ወደ እኔ ዞረችና "እናቴ፣ እርስዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን" አለችኝ። ለዚህ ነው እንግዲህ ከቢቸና የመጣሁት!

ውጭ አግዳሚው ላይ አማቷ ተቀምጠዋል። ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

"አስወጡዎት?" አሉኝ።

"ራሴ ወጣሁ።"

"እኔ ወግ ነው ያደረስኩት። ከኋላዋ አላማኋትም።"

"ወጉ ለሞተ ሰው ነው። ልጁ ሞቷል?"

"ታዲያ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይነግሯት ነበር?"

ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ዛሬም አልመልስላቸውም።

በሩ የተከፈተው ብዙ ቆይቶ ነው። ልጄ ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ባሏ ቦርሳዋን ይዟል። እኔን አልፋ አማቷ ፊት ቆመች።

"እማማ፣ ገብሱን ያስፈጩት። ወሩ ሲደርስ እዚሁ መጥቼ ነው የምወልደው። ለልጄ ዳግመኛ የሚያለቅስ ሰው ግን ቤቴ እንዳይመጣ።"

ሴትዮዋ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ያን አፍ ሲዘጋ በማየቴ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ባሕር ዳር ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። አልቅሶ ሳይጠግብ የጨቅላ ሕፃናት መሣሪያዎች ወዳሉበት ክፍል ወሰዱት፤ ልጄም ያየችው በመስታወት በኩል ነው። አማቷ ዱቄቱን ከሞጣ ይዘው መጥተው፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ካለ ሰው ቤት ገንፎ ሠርተው በሰሃን አስገቡት። እልል ለማለት ሁላችንም ፈራን። ልጄ ግን ሰሃኑን ተቀብላ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል፣ በላች። "ብሉ እንጂ" አለችን። "የልጄ ገንፎ ነው።"

ልጁ አሁን ቀዶ ሕክምናውን ይጠብቃል። ጡት ሲጠባ ቶሎ ይደክመዋል። እናቱ አንዳንድ ቀን ወደ ነርሷ ትሄዳለች፤ ምን እንደሚነጋገሩ አትነግረኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። አማቷን ይቅር አላልኩም። ያን ቀን ግን ከገንፎው ቆሜ በላሁ። ቅቤው በዝቶ ነበር።