ዲላ ላይ ተመልካች ጥሎኝ የሮጠ ዕለት

እስቲ አስቡት... ኳሷ እጄ ላይ ናት። ቀና ስል ተመልካች የሚባል ነገር የለም። አንድም ሰው! ስትጠብቀኝ የነበረችው ተጋጣሚዬ እንኳን ጥላኝ ሮጣለች። ሜዳው ዳር የቀረው የተገለበጠ አግዳሚ ወንበርና የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ ነጠላ ጫማ ነው።

ሕልም መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ዛሬም ሳስበው ሕልም ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ዲላ ውስጥ መታየት በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ በደመወዝ ቅርጫት ኳስ እጫወት ነበር። ፖይንት ጋርድ ነበርኩ። ማለት... ኳሱን ይዤ የምወጣው፣ «አንቺ እዚያ ቁሚ፣ አንቺ በዚህ ዙሪ» እያልኩ ሰው የምመድበው እኔ ነኝ። ቁመቴን የምታውቁ አትሳቁ! አጭርም የሚያዝበት ቦታ አለ።

እማዬ ግን ይሄ ሥራ ነው ብላ አምናልኝ አታውቅም። ዲላ በሄድኩ ቁጥር «ምሕረት፣ ሩጫው አልበቃሽም? ሥራ የምትይዢው መቼ ነው?» ትለኛለች።

«እማዬ፣ ሥራዬ እኮ ይሄ ነው።»

«ሥራማ ሰው ይጠቅማል። ቅርጫቱ ራሱ ቀዳዳ ነው፣ የከተትሽው መልሶ ይወድቃል... ማንን ጠቀመ?»

እስቃለሁ። ውስጤን ግን ያመኛል። ጉልበቴ መክዳት ጀምሮ ነበርና ሳላቆም በፊት አንድ ቀን መጥታ እንድታየኝ ነበር ምኞቴ። አውቶቡስ ላይ ዓይኔን ስጨፍን ሁሌ የሚታየኝ እሱ ነው... እኔ ኳስ ይዤ እወጣለሁ፣ እማዬ ዳር ቆማ ታየኛለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

አንድ ኅዳር ላይ ክለባችን ከዲላ ልጆች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ሊጫወት ወረደ። ለምኜ፣ ተለማምጬ እማዬን አስመጣኋት። ለእሁድ አምልኮ የምትለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ አድርጋ ከጎረቤታችን ከእትዬ ብዙነሽ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሳያት እጄን አውለበለብኩላት።

ሜዳው የትምህርት ቤት ሲሚንቶ ነው፣ ጣሪያ የለውም። ከአጥሩ ወዲያ የእነ እትዬ ብዙነሽ ሰፈር ቡና በየአልጋው ተሰጥቷል። አልጋ ስል የመኝታ አይደለም፣ ቡና የሚደርቅበት የእንጨት ቆጥ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ... ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ጉልበቴ አላመመኝም። ሁሉም ነገር ዝግ አለልኝ፣ ድምፁም ራቀ። ማን የት እንደምትሄድ ገና ሳትሄድ ይታየኛል። አንዷን አልፌ፣ ሌላዋን አልፌ፣ አሁንስ አየችኝ ብዬ ወደ እማዬ ዞርኩ።

እማዬ ሰማይ ታያለች!

ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በጪጩ በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነው። ነፋሱ አቧራውን አስነሳ። እማዬ ብድግ ብላ በጌዴኦኛ አንዴ ጮኸች... ያ ሁሉ ሕዝብ ተነስቶ ወደ አጥሩ ሮጠ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ጋ የተሰጣ ቡና ላይ ዝናብ ሲመጣ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ያየ ይጮኻል፣ የሰማ ይሮጣል። የዓመት ልፋት በአንድ ዶፍ ይሻግታላ! የዲላ ልጆችም ይሄን ስለሚያውቁ ነው ጨዋታውን ጥለው የሮጡት።

የእኛዎቹ የአዲስ አበባ ልጆች ግን ደርቀው ቀሩ። ሳሮን የምትባለው ረጅሟ ተጫዋቻችን «ኧረ ምንድነው? ጠብ ተነሳ እንዴ?» አለችኝ።

«ዝናብ መጣ።»

«እና ለዝናብ እንዲህ ይሮጣል?»

ልቤ ስብር ብሏል። ስንት ዓመት የተመኘሁት ቀን ይኸው፣ እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። ብቻ በአጥሩ ክፍተት ሳያት የቡና መሸፈኛውን ሸራ በአንድ ጫፍ ይዛ ነፋሱ ከነሸራው ሊወስዳት ይታገላታል። ኳሷን ለቀቅኩና ሮጥኩ። የእኛ ልጆችም ተከተሉኝ፣ እኔ በሄድኩበት መሄድ ለምዶባቸዋል።

እዚያማ ትርምስ ነው። ሰው ሁሉ አንድ አልጋ ላይ ተሰብስቦ ሌላው አልጋ ሰው አጥቶ ቀርቷል። አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ሳሮን፣ ያንን ጫፍ! ረጅሞቹ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል! አንቺ ወደ ታችኛው አልጋ! እትዬ ብዙነሽ፣ እርስዎ ድንጋይ ያቀብሉን! እማዬ፣ ልቀቂውና መሐል ግቢ!»

እማዬን አዘዝኳት! እሷን፣ በሕይወቷ የልጅ ትእዛዝ ሰምታ የማታውቀውን! ዞራ አየችኝ... ገባችም። የመጨረሻው ሸራ ላይ ድንጋይ ሲቀመጥ ዶፉ ወረደ።

ሁላችንም የእትዬ ብዙነሽ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠጋን። እማዬ እያለከለከች ቆማ ታየኛለች። ሰማዩን ሳይሆን እኔን።

«እዚያ ሜዳ ላይም እንዲህ ነው የምታደርጊው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ሁሉም ይሰሙሻል?»

«ይሰሙኛል።»

በሻርፗ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ከዚያ ወደ እትዬ ብዙነሽ ዞር ብላ «ይቺ ልጅ ሥራ ይዛለች ለካ» አለቻት። እኔ ዝናቡን አመካኝቼ አለቀስኩ።

ጨዋታው እንደተቋረጠ ቀረ። በዓመቱ ጉልበቴ አስቆመኝ፣ እኔም ብዙ አልከፋኝም። ውጤቱ ስንት ለስንት ነበር ለሚለኝ ሰው ሁሌ አሸነፍን ነው የምለው... አንዲት ፍሬ ቡና አልረጠበችማ!