ትውልዱ ሳይቆጠር የማይከፈት ሰዓት

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸች። ታናሽ ወንድሜ አበባው በቴሌግራም ግሩፑ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ የእጅ ሰዓት ለጥፎ ከሥሩ «ታላቅ ቅናሽ! ፈጥነው ይዘዙ!» ብሏል። ብቻዬን ሳሎን ተቀምጬ «ወይ አበባው! አባባ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?» አልኩ፤ የሰማኝ ግድግዳው ነው።

አባታችን ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ሰዓት ይጠግን ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን እዚያ ስለምሠራ፣ ሰዓት የሚያጥብበት ቤንዚን ሽታ ደብተሬ ውስጥ እየገባ መምህራችን «አንቺ ልጅ፣ ነዳጅ ትሸጫለሽ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ታዲያ አባባ አንድ የማይለቅ አመል ነበረው፤ የሰዓቱ ትውልድ ሳይቆጠር ክዳኑን አይከፍትም። ማን ገዛው፣ ማን ወረሰው፣ በማን እጅ ላይ ሳለ ቆመ፤ ባለቤቱ እንደ ዘር ሐረግ አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ወረፋ የያዘውም ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። አንድ ጊዜ ከደብረ ወርቅ የመጡ ቄስ የሟች ወንድማቸውን ሰዓት ሲተርኩ መሽቶባቸው፣ ሰዓቱ ሳይከፈት እኛ ቤት አደሩ።

አባባ ካረፈ በኋላ አበባው ግሩፑን የከፈተው ይህ ወግ እንዳይጠፋ ብሎ ነበር። ደንቡም አንድ ነበር፤ ትውልዱ ያልተጻፈ ሰዓት አይለጠፍም። ከአማኑኤል፣ ከዲማ፣ ከማናውቀውም አገር ሰዎች የአባታቸውን ሰዓት ታሪክ ሲጽፉ፣ ባሌ ሞቶ ልጆቼም ርቀውብኝ ቤቱ ጭር ባለበት ጊዜ፣ እሱን እያነበብኩ ሰው መሀል የዋልኩ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነጋዴዎች ማስታወቂያ ይዘው መጡ። አበባውም ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ታሪኩ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ባለፈው ቅዳሜ የአባባን የራሱን ሰዓት ትውልድ ጻፍኩ። እያለቀስኩ ስጽፍ ዋልኩ። ለጥፌው ሻይ አፍልቼ ስመለስ የለም፤ ደወልኩለት።

«እታለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለኝ። «አሁን ዋጋ ያልተጻፈበት ሰዓት አይቀመጥም።»

«የአባትህ ሰዓት እኮ ነው፣ አንተ!»

«እሱማ አውቃለሁ። እስቲ ዝም ብለሽ የሆነ ዋጋ ጣል አድርጊበት፤ መልሼ እለጥፈዋለሁ።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የጻፍኩትን አንብቦት እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም፤ እኔም መልሱን ፈርቼ አልጠየቅኩትም።